ሲያሸንፉ ብቻ የሚነበበው ደንብ

እስቲ ያንን የባቻታ ሙዚቃ ቀንሱልኝ። ቢየንቬኒዶ፣ ያንን የፓስቴሊቶ ሳምቡሳ አስቀምጠውና ስማኝ፤ አይሸሽህም። እንድናገር የመረጣችሁኝ ቀልደኛ ነው ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እሺ፣ በቀልድ እጀምርላችኋለሁ። ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ዛሬ ተናድጃለሁ። መሀል ላይ ድምፄ ከፍ ካለ የጠጣው ሩም ነው እንዳትሉ።

የዛሬዋ ተሸኚያችን ዶኛ ዙኒልዳ ወደዚህ የኢንተርኔት ካዚኖ ቢሮ ሊቀጠሩ የመጡ ዕለት እኔ እዚያ መስኮት ሥር ነበርኩ። ይሠሩበት የነበረውን የጠበቃ ቢሮ ለቀው ነው የመጡት። ሳንቶ ዶሚንጎ በሙቀት እየተቀቀለች እሳቸው ሹራብ ይዘው ገቡ። "ምን ሊያደርግልዎት ነው?" ስላቸው፣ "የሰው ገንዘብ የሚይዝ ቤት ሁሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

እዚህ የሚቀጠር ሰው የተጫዋቾቹን ደንብ አንብቦ ይፈርማል። ይፈርማል እንጂ ያነባል አላልኩም፤ ሁላችንም ቆመን ነው የፈረምነው። እሳቸው ግን ወንበር ሳቡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ እያነበቡ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ዶን ፋውስቲኖ መጡና "ሴንዮራ፣ ችግር አለ እንዴ?" አሏቸው።

"እዚህ ጋ፣ ቦነስ የወሰደ ተጫዋች ከሞተ መሞቱን ራሱ በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው እንዴት እንደሚደረግ እርስዎ ቀድመው ያሳዩን።"

ይሳቁ፣ ዶን ፋውስቲኖ፣ ይሳቁ። ያን ዕለት ሳያባርሯቸው የቀሩት ምሳ ስለቸኮሉ ብቻ ነው፤ ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ያልቻልነው ጉድ የለም። ማንጎ ልጠው በኪቦርዱ ላይ ሲበሉ ኮምፒውተሮቻችን ጣፋጭ ሆነው ጉንዳን ፈላባቸው። ቢየንቬኒዶ ኤር ኮንዲሽነሩን ሲከፍት እሳቸው ሲዘጉ፣ እሱ ሲከፍት እሳቸው ሲዘጉ፣ መጨረሻ ላይ እቃው ራሱ ተስፋ ቆርጦ ሞተ። ቢየንቬኒዶ "ገደሉት!" ብሎ ሲጮህ ምን አሉ? "በጽሑፍ አላሳወቀኝም።"

ስልክ ላይ ደግሞ እንዴት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ደዋዩ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ቢሆን "ልጄ" ነው። ስለ ቦነስ ለጠየቀ ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! መጀመሪያ ገደሉን ላሳይህ።" ከዚያ ይነግሩታል። ቦነሱ ሳያልቅ በአንድ ዙር ከተፈቀደው በላይ ገንዘብ አትጣል። ያልተፈቀደ ጨዋታ አትንካ። በሚስትህ ካርድ አትክፈል። መታወቂያህን ዛሬውኑ ላክ፣ ካሸነፍክ በኋላ አይሆንም። ውድድሩ የሚዘጋው በአውሮፓ ሰዓት ነው፣ አንተ ምሳ ላይ ሆነህ እነሱ መሽቶባቸዋል። በመጨረሻም፣ "ይህ ገንዘብ የልጆችህ ቁርስ ከሆነ ስልኩን ዝጋና እንቁላል ግዛበት።" ካዚኖ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ሌላ የት አለ?

የላ ቬጋ ከተማውን ባለ መጠጥ ቤት ታስታውሳላችሁ? ሰውዬው ቦነስ ይዞ የሚጥለውን ገንዘብ ሊያሳድግ ሲል ዶኛ ዙኒልዳ በስክሪናቸው አዩትና ደወሉለት። "ልጄ፣ ጣትህን አንሳ!"

"ማነሽ አንቺ?"

"ካዚኖው ነኝ።"

"ካዚኖ ደውሎ አትጫወት ይላል? ሌባ! ሚስጥር ቁጥሬን ልትወስጂ ነው!" ጆሯቸው ላይ ዘጋ። ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ጣለ፣ አሸነፈ፣ ተሰረዘበት። በማግስቱ ሲደውል ምን አለ? "ያቺን ሌባ አገናኙኝ።"

አይዟችሁ፣ ለስላሳ እንዳይመስሏችሁ። የሳንቲያጎው ጎረምሳ በሚስቱም በሟች አባቱም ስም አካውንት ከፍቶ፣ ሦስት ሆኖ ሲወዳደር የያዙት እሳቸው ናቸው። "አባትህ ከመቃብር ተነስቶ ነው የሚጫወተው?" ሲሉት፣ "ዶኛ፣ አባቴ በሕይወት እያለም እንቅልፍ አልነበረውም" አላቸው። ሳቁ፣ ከልባቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሦስቱንም አካውንት ዘጉ። አጭበርባሪ ከሆንክ ከሳቸው ምሕረት የለም። ይህን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም አሁን ወደ ንዴቴ ልገባ ነው።

ድርጅታችን ለጡረታቸው ምን እንደሰጣቸው አይታችኋል? ያ በፖስታ ያለው የሚያምር ካርድ። ልንገራችሁ፦ በራሳችን ካዚኖ የነጻ ዙር ቦነስ ነው! በሳምንት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል። ደንባችን ደግሞ፣ ሠራተኛ የነበረ ሰው ከለቀቀ በኋላ አንድ ዓመት መጫወት አይችልም ይላል። ይህን ሁሉ ዕድሜ ደንብ እንዳይጣስ ሲጠብቁ ለኖሩ ሴት በስጦታ የደንብ ጥሰት ሰጠናቸው! አትሳቁ እባካችሁ። ይታፈራል እንጂ ይሳቃል እንዴ?

እና የሎስ ሚና ሰፈር ሴቶች ጉዳይ። ዶን ፋውስቲኖ፣ አይቁነጥነጡ፤ ወንበሩ ደህና ነው።

ለማያውቅ አዲስ ሰው ልናገር። ዶኛ ኤውፌሚያ እና ጓደኞቿ መንገድ ዳር ያኒኬኬ የሚባለውን ቂጣ በዘይት የሚጠብሱ ሴቶች ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ዘይታቸው ውስጥ ይገባል፤ ጣሪያ ያላት አንዲት መደብ ነው የሚመኙት። ዕቁብ አላቸው። የፋሲካው የስሎት፣ ያ ምስሎቹን እያሽከረከሩ የሚጫወቱት፣ ውድድር ሲመጣ ኤውፌሚያ በራሷ ስም፣ በራሷ መታወቂያ፣ አንድ አካውንት ከፈተች። አንድ! ግን ዕቁብተኛ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እድል በአንድ እጅ አይያዝም፣ ይዞራል። ማሽከርከሩም እንደ ዕቁቡ ተራ በተራ ይሁን አሉ።

እነዚህ ሴቶች ግን ዝም ብለው አልገቡበትም። ጠየቁ! በጽሑፍ መልእክት፣ በገዛ ገጻችን ላይ፣ "እኛ ዕቁብተኞች ነን፤ በአንድ ስልክ እየተቀባበልን ብንጫወት ይቻላል?" ብለው ጠየቁ። ዶን ፋውስቲኖ ሰው አይፈልግም ብለው ያስገቡት መልስ ሰጪ ማሽን ምን አላቸው? "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! መልካም ዕድል ይከተልዎ!"

ተጫወቱ። ሦስተኛ ወጡ። ከዚያስ ምን አደረጉ? ሌባ ቢሆኑ ይደበቁ ነበር። እነሱ ግን ሽርጣቸውን አውልቀው፣ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሁሉም ስልኩን ከበው ፎቶ ተነሱና ላኩልን! "እግዜር ይስጥልን። ትልቁን ያመጣችው የማሪቤል ዙር ናት" ብለው ጽፈውበታል። ቤቱ ሁሉ አይቶ "ደስ ሲሉ!" ብሏል። ያንን ፎቶ፣ የምስጋናቸውን ፎቶ፣ ማስረጃ አደረግነው። "አካውንቱን ከባለቤቱ ሌላ ሰው ነክቶታል፤ ሽልማቱ ተሰርዟል።"

ኤውፌሚያ ደወለች። ዶኛ ዙኒልዳ ነበሩ ያነሱት፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። "ጠየቅናችሁ እኮ" ብቻ አለች። "ጠየቅናችሁ እኮ።"

ዶኛ ዙኒልዳ ስልኩን ዘግተው በቀጥታ ዶን ፋውስቲኖ ጋ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰምተናል።

"ደንቡ ደንብ ነው፣ ዶኛ ዙኒልዳ።"

"ደንቡማ ልክ ነው፤ አካውንት አይዋዋሱም። እኔ ራሴ ነኝ የማስተምረው። ጠይቆ የተሳሳተ ግን አላጭበረበረም፤ የተሳሳተው የመለሰለት ነው።"

"የመለሰው ማሽን ነው።"

"እንግዲያው ማሽኑን ቅጡት!"

ዶኛ ዙኒልዳ "ይከፈላቸው" ብለው ፈረሙ። የቅሬታ ክፍል ኃላፊ ናቸው፣ ሥልጣናቸው ነው። እና ፊርማቸው የት ሄደ? "ይታያል" ተባለ። ሳምንት አለፈ፣ "ይታያል"። ኤውፌሚያ በየሰኞው ትደውላለች፣ "ይታያል"። እኛ ሞኞች አይደለንም፤ የሚጠበቀው የዛሬው ቀን ነበር። ሴትዮዋ ጡረታ ይውጡ፣ ኬክ ይቆረስ፣ አዲሱ ኃላፊ ይዝጋው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስንቱ ሰው ከተፈቀደው በላይ ጥሎ ተሸንፏል? ስንቱ በወንድሙ ስልክ ተጫውቶ ተሸንፏል? አንድ ቀን ደውለን "ጌታዬ፣ ደንብ ጥሰው ስለተሸነፉ ገንዘብዎን ይውሰዱ" ብለን እናውቃለን? ሲሸነፍ ሁሉም ንጹሕ ነው! ደንቡ ከመሳቢያ የሚወጣው ሰው ሲያሸንፍ ነው። ይህን ፊት ለፊት የተናገሩ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እኛ ሻይ ቤት ነበር የምናንሾካሽከው። ማሳፈሩ!

ዶኛ ዙኒልዳ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። መነጽርዎን አያውልቁ፣ ገና አልጨረስኩም።

እርስዎ ተጫዋች ገደሉ ጫፍ ሲደርስ እጁን ይይዙ ነበር። ከወደቀ በኋላ "ምልክቱን አላየህም?" ማለት ሥራ የሚመስለን ስንቶች ነን። ከጣሪያው በላይ ሊጥል ሲል መደወል ቀላል ነው፤ ለድርጅቱ ግን ያ ጥሪ ኪሳራ ነው፣ ስለዚህ ዋጋ አስከፍሎዎታል። ከዚያ ወንበር በላይ እድገት ሲታደል ሁሌም ታልፈዋል። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ አልሰማሁም፤ ስለ ኤር ኮንዲሽነሩ ካልሆነ። ሰው አቅም ባጣበት ቦታ በሱ ማትረፍ እንደሌለብኝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ቤቴ ስገባ ልጆቼን ቀና ብዬ የማየው በዚያ ነው። አመሰግናለሁ። ይህን ሳልቀልድ ነው የምለው። እወድዎታለሁም።

አንድ የማያውቁት ነገር ግን አለ። ትናንት ማታ ዶን ፋውስቲኖ ጠሩኝና "ራዳሜስ፣ ከነገ ጀምሮ ወንበሩ ያንተ ነው፤ መጀመሪያ ያቺን የሎስ ሚና ፋይል ዝጋት" አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ገባሁና ዘጋኋት። "ይከፈላቸው" ብዬ፣ ከእርስዎ ፊርማ ሥር ፈርሜ፣ ገንዘቡን ራሴ ልኬ ዘጋኋት። ዶን ፋውስቲኖ፣ ይቀመጡ! በራስዎ እጅ በጻፉት ደንብ የቅሬታ ክፍሉ ኃላፊ ውሳኔ የመጨረሻ ነው፣ ይግባኝ የለውም። ካባረሩኝም ግድ የለም፤ ኬኩ ትልቅ ነው፣ ለሁለታችን ሽኝት ይበቃል።

ከዚያ ኤውፌሚያ ጋ ደወልኩ። "ዶኛ፣ ገንዘባችሁ ባንክ ገብቷል" አልኳት። "ሰሙኝ?"

"ሰምቻለሁ። ግን አልነካውም።"

"ለምን?"

"መጀመሪያ ደንቡን አንብብልኝ። ዶኛ ዙኒልዳ ሳይነበብልሽ አንዳች እንዳትነኪ ብላኛለች።"

"ደንብ የለውም፣ ዶኛ። የእናንተ ነው።"

እሷም ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ጓደኞቿ ዞራ፣ "ደንብ የለውም አለ! የኛ ነው አለ!" ብላ ስትጮህ ሰማኋት፤ ከዚያ በኋላ ጩኸት ብቻ ነበር።

በሉ ተነሱ፣ ብርጭቆ አንሱ። ዶኛ ዙኒልዳ፣ ጉልበትዎ አይታጠፍ፣ እንቅልፍዎ የሞላ ይሁን፣ ሰኞ ጠዋት ማንም አይደውልብዎ። ማንጎዎንም ሰፊ ሳህን ላይ ይብሉ። ለዶኛ ዙኒልዳ!