አንሳ ወይስ አታንሳ

ጋሽ ቶኩዞን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው፤ እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወርድ፣ እሳቸው እህታቸውን ሊቀበሉ ወደ ጣቢያው ሲሄዱ። ጡረታ የወጡ የሐዲድ ሠራተኛ ናቸው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ከተራራው ሥር ምድር የሚያናውጥ ድምፅ ሰማን። ናዳ ባቡሩን ገልብጦት ነበር።

ስንደርስ አዛዡና ታዛዡ አይለይም። አንዱ «ወዲህ!» ይላል፣ ሌላው «ወዲያ!» አንዲት የቆሰለች ሴት ከፉርጎ ስትወጣ አስታውሳለሁ፤ የተሸከማት እኔ ልሁን ሌላ ሰው ዛሬም አላውቅም። እህታቸውን ወይዘሮ ኪኑዬን በተገለበጠው ፉርጎ ውስጥ ስናገኛቸው አደጋው ከደረሰ ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ ሁለቱም ጭኖቻቸው ከብረት ሥር ተጨፍልቀዋል። ከጭነት መኪና ማንሻ ክሪክ አምጥቼ ከብረቱ ሥር አስገባሁ። ይሄኔ አንዲት ወጣት ሐኪም በመስኮት ሾልካ ገባች፤ ናጊሳ ትባላለች።

«እንዳታነሳው!»

«አንሳ እንጂ!» አሉ ጋሽ ቶኩዞ።

እጄ ክሪኩ ላይ ደረቀ። የማንን ልስማ?

«አባባ፣ ይታገሡኝ። መጀመሪያ በደም ሥራቸው ፈሳሽ ይግባ።»

«እህቴ ብረት ተጭኗት አንቺ ውኃ ታጠጫለሽ? አርባ ዓመት ሰው ከሐዲድ ሥር ስጎትት የት ነበርሽ?»

«የጎተቷቸው ሁሉ ዳኑ?»

ሽማግሌው ድምፃቸው ወረደ። «ሺገማሱ የሚባል ነበር። እግሩን ብቻ ነው የተያዘው፤ ግማሽ ቀን ቆየ። ስናወጣው ‹ሾርባ አምጡልኝ› ብሎ አሳቀን፤ ሳቃችንን ሳንጨርስ ሞተ። ልቡ ደካማ ነው ተባለ።»

«ልቡ ላይሆን ይችላል፣ አባባ። ረጅም ሰዓት የተጨፈለቀ ሥጋ መርዝ ያጠራቅማል። ጭነቱ ድንገት ሲነሳ መርዙ በደም ሄዶ ልብ ያቆማል። ፈሳሹ ከቀደመው ግን ኃይሉን ይቀንሰዋል።»

«እንግዲያው እኛ ነን የገደልነው?»

«አታውቁም ነበር።»

«ቶኩዞ!» አሉ ወይዘሮ ኪኑዬ ከብረቱ ሥር። «ድሮም ችኩል ነህ። ልጅቷን ተዋት፣ ሥራዋን ትሥራ!»

ጋሽ ቶኩዞ የፈሳሹን ከረጢት ተቀብለው ከፍ አድርገው ያዙ፤ እስከ መጨረሻው አላወረዱትም። ናጊሳ «አሁን፣ ቀስ ብለህ» እስክትለኝ ዘመን ያለፈ መሰለኝ።

ወይዘሮ ኪኑዬ ዳኑ። በመከር ወራት የመንደሩ ሰው ሲሰበሰብ ጋሽ ቶኩዞ ተነሡ። «ከባድ ነገር ገና አሁን የወደቀበትን ሰው ቶሎ አንሡለት። ሰዓታት የቆየበትን ግን ሐኪም ሳይደርስ እንዳትነኩት። ጉልበት ብቻውን ይገድላል።»

«ሐኪም ቢዘገይስ?» አለ አንዱ።

«ደውለህ ምን ላድርግ ብለህ ጠይቅ። ከዚያ አልብሰው፣ እጁን ይዘህ አጫውተው። አጠገቡ መቀመጥም ሥራ ነው፤ እኔ ይህን ለመማር ሰባ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።»