የአስካለ ግማሽ ቆጮ

ጣሊያን ባለቤቴን አስካለን ከዲላ ገበያ ይዟት በሄደ በሳምንቱ፣ በዕድሜዬ ምጣድ ጥጄ የማላውቀው ሰውዬ ቆጮ ልጋግር ተነሣሁላችሁ። ሳልጨምቀው ምጣዱ ላይ ዘረገፍኩት፤ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ጭሱን ያየችው ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ገባችና፣ «ኧረ አንተ ሰው! ውሃው ሳይወጣለት ይበስላል እንዴ?» አለችኝ። አዲስ ቆጮ ጨመቀች፣ ቃጫውን ለቀመች፣ በኮባ ጠቅልላ የምጣዱን ግማሽ ብቻ የምታህል አድርጋ ጣደችልኝ።

«ይቺማ ለሕፃንም አትበቃ!» አልኳት።

«ድሮስ ስትበላ የኖርከው ይቺኑ አይደል? አስካለ ምጣድ ሙሉ ነበር የምትጋግረው። ግማሹን ላንተ ትታ፣ ግማሹን ጫካ ላሉት አርበኞች ታደርስ ነበር። መጠቅለያውን ኮባ ከኔ ጓሮ ነበር የምትቆርጠው። በምን የያዟት መሰለህ? ያንኑ ጥቅል እንደያዘች ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ገበታ በቀረበ ቁጥር፣ «ጓዳ ተደብቀሽ እየበላሽብኝ ነው!» እያልኩ ስጨቀጭቃት አንድ ቀን እንኳ መልሳልኝ አታውቅም። በተያዘችበት ዕለት ጠዋትም፣ «ሆዳም!» ብዬ ነው የሸኘኋት።

አስካለ አልተመለሰችም። ጣሊያን ከዲላ እስኪወጣ ድረስ እኔም ምጣድ ሙሉ ጋገርኩ። ግማሹን በልቼ፣ ግማሹን ለአርበኞቹ በኮባ ጠቅልዬ አስቀምጥ ነበር። የጫካውን መንገድ ግን አስካለ ለእትዬ ወርቄም አልነገረቻትም ነበር። ሲሻግት እጥለው ነበር።