ዓሣ ለመቶ ሃያ እንግዳ

(ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቅ ዳር። ሠላሳ ዓመት ዓሣ ያጠመደው አንጁሎ ሥራ ፈትቶ ጀልባው ላይ ተቀምጧል፤ ባለፈው ሳምንት መረቡን የወረሰበት የዓሣ ሀብት ባለሙያ መልሰው፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ጭቃው ላይ ቆሟል።)

መልሰው፦ ጋሽ አንጁሎ፣ እባክዎን! ለነገ ምሳ ብቻ ነው።

አንጁሎ፦ ሰማሁህ እኮ። መቶ ሃያ ቆሮሶ ዓሣ። ባለፈው ሳምንት በአሥራ ሦስት ሌባ ነበርኩ።

መልሰው፦ ሌባ አላልኩም። ገደቡ በቀን አሥር ነው፤ ተካፍለው ከበሉት ይበቃል ብዬ ለአጥማጆች ሁሉ በማይክ አስረድቻለሁ።

አንጁሎ፦ ሦስቱ ለአራሷ ልጄ ሾርባ ነበሩ።

መልሰው፦ መመሪያው አራስ አያውቅም፣ ምን ላድርግ? አሁን ግን እንግዶቹ በመንገድ ላይ ናቸው።

አንጁሎ፦ ምን ሊሠሩ ነው የሚመጡት?

መልሰው፦ ለአውደ ጥናት።

አንጁሎ፦ የምን?

መልሰው፦ የ... ዓሣ መመናመን።

አንጁሎ፦ አሃ! የቀረውን ጨርሰው ሊወያዩ።

መልሰው፦ አይቀልዱ፣ ጨንቆኛል!

አንጁሎ፦ በሬ ጣሉላቸዋ።

መልሰው፦ ሁዳዴ እኮ ነው! ሥጋ ማን ይነካል?

አንጁሎ፦ ሽሮ አለ። ምስር አለ።

መልሰው፦ ሐይቅ ድረስ መጥተው ሽሮ? ኃላፊው ቆዳዬን ይገፈኛል። የምግቡ ዝርዝር ታትሟል፦ ዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ ዱለት፣ የዓሣ ሾርባ።

አንጁሎ፦ ሌሎቹን አጥማጆች ለምን አትጠይቅም?

መልሰው፦ ጠየቅኩ። ትናንት ስምንት ጀልባ ወጥቶ የመጣው ስድስት ዓሣ ነው። ግን ዓሦቹ የት እንደሚደበቁ እርስዎ ያውቃሉ ይባላል።

አንጁሎ፦ አውቃለሁ። ደንገሉ ውስጥ ነው። እናቶቹ አሁን እንቁላላቸውን በአፋቸው ይዘው የሚውሉት እዚያ ነው። አንተ መመሪያ ከማውጣትህ በፊትም እኔ እዚያ መረብ ጥዬ አላውቅም።

መልሰው፦ አንድ ቀን ምን ይጎዳል?

አንጁሎ፦ ይኼን አንተ ነህ የምትለኝ? ለመሆኑ በምን ላጥምድ? መረቤ የት አለ?

መልሰው፦ የአውደ ጥናቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው። ለእንግዶቹ ማሳያ።

አንጁሎ፦ ምን ተብሎ?

መልሰው፦ "የሕገ ወጥ አጥማጅ መረብ"።

አንጁሎ፦ ስሜም አለበት?

መልሰው፦ ፎቶዎም አለ።

አንጁሎ፦ መልሰው፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሆዴ ተቃጥሏል። ስድስት ቀን እዚህ የተጎለትኩት ለግድግዳ ጌጥ ነው?

መልሰው፦ አወርደዋለሁ! መረቡ ይለቀቅ ብዬ አሁኑኑ እፈርማለሁ።

አንጁሎ፦ ፈርም።

መልሰው፦ ይኸው፤ ማኅተሙም። የቢሮው ሹፌር መረቡን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያመጣልዎታል። ተስማማን?

አንጁሎ፦ ፎቶዬም ይምጣ።

መልሰው፦ ይመጣል! እንግዲህ ነገ በጠዋት እጠብቅዎታለሁ።

አንጁሎ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በጠዋት አሥር ዓሣ ይዤልህ እመጣለሁ።

መልሰው፦ አሥር?! ለመቶ ሃያ ሰው?

አንጁሎ፦ ማይኩ አዳራሹ ውስጥ አለ አይደል? ተካፍለው ከበሉት እንደሚበቃ አስረዳቸው።