በእጄ የጻፍኳቸው ሁለት ካርዶች፦ በስድስት ዓመት ሕጻን ላይ ስለደረሰ ጉዳት የተሰጠ ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10 እስከ 10፡05
የምስክር ስም፦ ለሕጻኗ ደኅንነት ሲባል በተለየ ወረቀት ታሽጎ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል
ጾታና ዕድሜ፦ ሴት፣ 23
ሥራ፦ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ፤ ከተመረቀች ሰባት ወር
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው የሠራተኞች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ክፍል 9

ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ የሐሰት ቃል መስጠት እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ፣ ያየሁትንና ያደረግሁትን እንደሚከተለው እናገራለሁ።

በድንገተኛ ክፍሉ ሥራ የጀመርኩት እንደተመረቅሁ ነው። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። ክፍሉ አንድ ረጅም ኮሪደርና ስምንት አልጋ ያለው ሲሆን ጠዋት ጠዋት ወረፋው ከበሩ አልፎ አምቡላንስ ማቆሚያው ድረስ ይሄዳል። ልጆች ለትንሽ ቁስል ሦስት ሰዓት ሲጠብቁ ማየት አላስችል ስላለኝ፣ በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ሐሳቡም ቀላል ቃጠሎ፣ ጭረትና ወለምታ ያለባቸው ልጆች ሐኪም ሳይጠብቁ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል በነርስ ብቻ ታክመው እንዲሄዱ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ነርስ፣ በሥራው ሃያ ስድስት ዓመት የቆዩ ሴት ናቸው፤ “ልጄ፣ ፍጥነት ለአምቡላንስ ነው” ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ አስተዳደሩን ደጅ ጠንቼ አስፈቀድኩ። ወረፋው በግማሽ ቀነሰ፤ በስብሰባ ላይም ተጨበጨበልኝ። ሠራተኛው ክፍሏን “ቶሎ በል” ብሎ ሰየማት።

በ“ቶሎ በል” የሚሞላው ካርድ ላይ “የጉዳቱ ምክንያት” የሚል መስመር አለ። መስመሩ የሚሞላው ልጁን ያመጣው ሰው እንደነገረን ነው። ልጁ ልብሱን አያወልቅም፤ የሚታየው ታመመ የተባለው ቦታ ብቻ ነው። ይህን አሠራር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ሕጻኗን መጀመሪያ ያየኋት ከአራት ወር በፊት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ያመጣቻት አክስቷ፣ የሟች እናቷ ታላቅ እህት ናት። አክስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከባሏ ጋር ሆና ልጅቷን እንደምታሳድግ ነገረችኝ። በልጅቷ ቀኝ እጅ ጀርባ ላይ ጫፉ የሾለ ቃጠሎ ነበር። አክስትየዋ “ካውያ ስተኩስ ሮጣ መጥታ ነካችው፤ ለዚች ልጅ እግር እንጂ ጆሮ አልተሰጣትም” ስትል ወረፋው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ ሳትታዘዝ አልጋው ላይ ወጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቁስሉን ሳጥብላት ድምፅ አላሰማችም። “ጎበዝ! እዚህ እኮ ስንቱ ጎረምሳ እንደ ጥጃ ይጮሃል” አልኳት። ጀግኒት ያልኳትም እኔ ነኝ፤ ስሙ በክፍሉ ጸና። ካርዱ ላይ “ካውያ ራሷ ነክታ” ብዬ ጻፍኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ የመጡት ከሁለት ወር በፊት ነው። አክስትየዋ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ነርስ ሊያያቸው ሲል፣ “የለም፣ ያቺን እጇ ቀላል የሆነችውን ልጅ ጥሩልኝ፤ ሌላ ሰው አይንካብኝ” ማለቷን ሰማሁ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። የልጅቷ ግራ ክንድ ከክርኗ በታች አብጦ ነበር። አክስትየዋ ደረጃ ላይ ስትዘል እንደወደቀች ነገረችኝ። ክንዷን ጫን ብዬ “ያማል?” አልኳት። መጀመሪያ አክስቷን አየች፤ ከዚያ “አያምም” አለች። አክስቷን ማየቷን አስተውያለሁ። አስተውዬም አለፍኩ። ራጅ ክፍሉ በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰው ስለነበር አልላክኋትም። በፋሻ ጠቅልዬ “ወድቃ፣ ወለምታ” ብዬ ጻፍኩ። ገብታ እስክትወጣ የፈጀው ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱን ለአስተዳደሩ ሪፖርት እመዘግብ ስለነበር አልረሳሁትም።

ትናንት ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20 ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። አክስትየዋ አሁንም እኔን አስጠራች። ያው ግራ ክንድ ከክርኗ በላይ አብጦ ተንጠልጥሏል። ከሶፋ ላይ ወደቀች ተባልኩ። ይህ በፋሻ የሚያልፍ ስላልነበረ ራሴ ይዣት ራጅ ክፍል ገባሁ። የራጅ ባለሙያው ልጆችን “ፈገግ በሉ፣ አጥንታችሁ ፎቶ ሊነሳ ነው” እያለ የሚያጫውት ሰው ነው። ትናንትም እንደዚያው አላት። ምስሉ ሲወጣ ግን ከመስታወቱ ጀርባ ጠራኝ።

“ላይኛው የዛሬ ስብራት ነው” አለኝ። “ታችኛውን ግን እይው። ይሄ ሁለት ወር ይሆነዋል። ጄሶ ሳይደረግለት በራሱ ገጥሟል፤ ያውም ጠሞ። ይችን ልጅ ሰው አላያትም እንዴ?”

“እኔ አይቻታለሁ” አልኩት። ምስሉንም ይዤ ወደ ኃላፊዋ ሄድኩ።

ኃላፊዋ አልተቆጡኝም። አክስትየዋን ለማኅተም ብለው ግቢው ዳር ወዳለው መዝገብ ቤት ላኳት። ተረኛው ሐኪም በእኔና በኃላፊዋ ፊት የልጅቷን ልብስ አስወልቆ መረመራት። በጀርባዋና በጭኖቿ ላይ ረዣዥም ሰንበሮች አየሁ፤ አንዳንዱ ጠቁሮ የቆየ፣ አንዳንዱ ገና ቀይ ነው። ዝርዝሩ በሐኪሙ ማስረጃ ላይ አለ። ማን መታሽ ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ኃላፊዋ “ዝም በይ፤ አፏ ውስጥ ቃል አትክተቺባት” አሉኝ። ከዚያ አጭር በርጩማ ስበው ከልጅቷ ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

“የኔ እናት፣ ሲያምሽ ለምን አታለቅሺም?”

“ካለቀስኩ እንደ አዲስ ነው” አለች።

“ምኑ ነው እንደ አዲስ?”

“ቆጠራው። እስከ አሥር ነው። እኔ ነኝ የምቆጥረው። ከተሳሳትኩም እንደ አዲስ ነው።”

“ማነው ቁጠሪ የሚልሽ?”

“አክስቴ። መቁጠር ትማሪያለሽ ትለኛለች።” ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ፣ “አሁን እስከ አሥር አልሳሳትም” አለችኝ። እንደ ወትሮው ጎበዝ እንድላት የምትጠብቅ መሰለኝ። ከክፍሉ ወጣሁ።

ከረፋዱ 5፡30 ገደማ አክስትየዋ ተመለሰች። በሩ ተዘግቶ ስታይ መጀመሪያ ሳቀች። ሐኪሙ ልጅቷ እንደምትተኛና ፖሊስ እንደሚጠራ ሲነግራት ግን ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ወረቀቶች አወጣች። ለቤተሰብ የሚሰጡት የካርዶቹ ቅጂዎች ናቸው። “ይኸው! ሁለቴ ያየቻት እሷ ናት፤ ‘ራሷ ነክታ’ ይላል፣ ‘ወድቃ’ ይላል። በገዛ እጇ ጽፋ የለም እንዴ? አንብቡት እንጂ!” አለች። ሐኪሙ ወደ ስልኩ ሲሄድ ጠጋ ብላ በለሆሳስ፣ “እህቴ፣ እኔ ከገባሁ አንቺም አብረሽኝ ነሽ” አለችኝ። ሌላ ነርስ ሊያያቸው ሲል ለምን እኔን ታስጠራ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ብዙ የማልጠይቃት እኔ ስለነበርኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት የአክስትየዋ ባል መጥቶ ጉዳቶቹ ድንገተኛ አደጋዎች መሆናቸውን ካርዶቹ ያስረዳሉ፣ ልጅቷን ስጡኝ ብሏል። ወደ ቤት ትመለስ ወይስ አትመለስ የሚለው ነገ እንደሚወሰን ተነግሮኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ “‘ያኔ ምልክት አልነበረም’ በይና ተገላገይ፤ ፈቃድሽን ታጫለሽ” ብሎ መክሮኛል፤ ክፉ አስቦ አይደለም። እኔም በጭንቀት ዛሬ ማለዳ ለክፍሉ አዲስ ቅጽ መንደፍ ጀምሬ ነበር። ኃላፊዋ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው “መጀመሪያ የጻፍሽውን አቅኚ” አሉኝ። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው ይህ ነው። በሁለቱ ካርዶች ላይ ያለው ጽሑፍ የእኔ ነው፤ የተጻፈው ግን የአክስትየዋ ቃል እንጂ እኔ መርምሬ ያገኘሁት አይደለም። ልጅቷን ብቻዋን አላነጋገርኳትም፤ ልብሷን አላወለቅሁም። ምልክት ነበረ፤ ፈልጌ አላየሁትም። ካርዶቹ ልጅቷን ወደዚያ ቤት ለመመለስ ማስረጃ እንዳይሆኑ እጠይቃለሁ። በእኔ ላይ የሚመጣውን እቀበላለሁ።

ከተጠርጣሪዋ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለኝ ተጠይቄ፦ ዝምድና የለኝም። ጠብም አልነበረኝም፤ እወዳት ነበር።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የተናገርኩት እውነት ነው፤ የቀነስኩት የለም፤ በፍርድ ቤትም ቆሜ እደግመዋለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ማስታወሻ፦ ምስክሯ “ምልክት ነበረ፤ ፈልጌ አላየሁትም” የሚለው ራሷን የሚጎዳ መሆኑ ተገልጾላት፣ ማሻሻል ትፈልግ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ተጠይቃለች። “እንዳለ ይሁን” ብላለች። እንዳለ ተጽፏል።

የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)