የመሻገሪያው ገመድና የጸሐፊው ስም

ነቀፋ ሲደርሰው «ነገሩ እውነት ነውን?» ብሎ መመርመርን ትቶ «ማን ተናገረ?» የሚል ሹም፣ የገዛ ዓይኑን በገዛ ጣቱ ያወጣል። ስም አሳልፎ የሚሰጠውም የጥፋቱ ተካፋይ ነው። የሚከተለው ታሪክ ይህን ያስረዳል።

ከታንጋ ወደብ በስተደቡብ፣ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት በምቶኒ መንደር፣ ምዜ ሾማሪ የሚባሉ የአሥር ቤት አለቃ ነበሩ። በዚያ ዘመን አገሩን የሚገዛው ፓርቲ አንድ ብቻ ሲሆን፣ በየአሥሩ ቤት አንድ ሽማግሌ ዓይንና ጆሮ ሆኖ ይሾምለት ነበር።

አንድ ሐሙስ ጧት ሽማግሌው የመሻገሪያውን ጀልባ ቆመው ይጠብቁ ነበር። በኪሳቸው ከፓርቲው የአስተያየት ሣጥን የወጣ ስም የሌለው ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ጀልባው የሚሳብበት ገመድ መበስበሱን፣ መንግሥት የላከው አዲስ ገመድ ግን በመንደሩ ፓርቲ ሊቀ መንበር በማሳንጃ የግል መርከብ ላይ መታየቱን ይናገራል። የተጻፈው በባሕር ዳር ሰዎች የቀድሞ ልማድ በዐረብ ፊደል ነው። ማሳንጃ ፊደሉን ስለማያውቅ በዚያው ዕለት ማለዳ ያነበቡለት እሳቸው ነበሩ። እርሱም ሰምቶ ሲያበቃ፣ ስለ ገመዱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ «እስከ ነገ ቀትር የጸሐፊውን ስም አምጣ፤ አለዚያ ያንተን ስም እጽፈዋለሁ» አላቸው።

ምዜ ሾማሪ ግን ጽሕፈቱን ገና ሲያዩት የማን እጅ እንደሆነ ዐውቀዋል። ልጆቻቸውን ቁርአን ያስቆጠሩት ባልቴት የእመት ሚዛ እጅ ነበር።

በዚህ መካከል ማዶ የምታስተምረው መምህርት ምዋናሻ መጣች። ለታላቅ የሚገባውን ሰላምታ ሰጥታ ምን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የጸሐፊውን ማንነት ደብቀው ጭንቀታቸውን አወሩላት።

«እኔን የሚያናድደኝ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰው እውነት ከያዘ ፊቱን ገልጦ አይናገርም? ተከናንቦ የሚመጣ የዶሮ ሌባ ነው።»

«ፋኪ ፊቱን ገልጦ ተናግሮ አልነበር እንዴ፣ አባቴ?»

ዓሣ አጥማጁ ፋኪ የሚታደለው ዱቄት መሻገቱን በስብሰባ ስለ ተናገረ በሳምንቱ ከነልጆቹ ተባርሯል፤ የት እንደ ደረሰም አልተሰማም። ስሙን መዝገብ ላይ ያሰፈሩት ራሳቸው ምዜ ሾማሪ ነበሩ።

«እሱማ ምላሱ ረዘመ።»

«ዱቄቱስ አልሻገተም ነበር?»

«ሻግቷል እንጂ።»

«ከዚያ ወዲያ ሣጥኑ ስምንት ወር ባዶውን ከረመ። እርስዎ ሕዝቡ ረክቷል ብለው ጻፉ። ሕዝቡ አፉን ቆልፎ የሻገተውን በላ፤ የልጅ ልጅዎም ከዚያው በልታ ታመመች።»

«ስም ከተደበቀ እኮ ያሻው ሁሉ ተነሥቶ ሰው ያማል።»

«ለሱ ገመዱ አለልዎ። ሄዶ ማየት ነው፤ ሐሜት ከሆነ ገመዱ ያሳፍረዋል። የጸሐፊው ስም ቢታወቅ የበሰበሰው ይጠገናል?»

«ላንቺ ወሬ ነው፣ ልጄ። ለኔ አንገቴ ነው።»

«እኔም እፈራለሁ» አለችና ማን እንደሚሰማት ዞር ብላ አየች።

ጀልባው ገመዱን እያንቋቋ ደረሰ። መጀመሪያ የወረዱት እመት ሚዛ ነበሩ። «ደህና አደርክ፣ ሾማሪ ወንድሜ?» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከሽማግሌው ኪስ ብቅ ባለው ወረቀት ላይ ቀረ። መከናነቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ወደ መንደሩ ፈጥነው ሄዱ።

ምዜ ሾማሪ ይህን ካዩ በኋላ አልተከራከሩም። ከመምህርቷ ጋር ተሻግረው፣ ትምህርት ቤት ተቀምጠው የደብዳቤውን ቃል በላቲን ፊደል በራሳቸው እጅ ገለበጡት፤ ግልባጩን ለአውራጃው መርማሪ ላኩ፤ ዋናውን ግን ቀዳደው ወንዝ ጨመሩት። በማግስቱ ለማሳንጃ «እጁን አላወቅሁትም» አሉት። እርሱም ሹመታቸውን ገፎ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን አሰራቸው። በነዚያ ቀናት በር በተንኳኳ ቁጥር መሞቻቸው የደረሰ ይመስላቸው ነበር፤ ስሙን ግን አላወጡም።

በሃያኛው ቀን መርማሪዎች መጡ። ገመዱን ዳሰሱ፤ መርከቡንም ፈትሸው አዲሱን ገመድ አገኙ። ከዚያ ወዲህ በምቶኒ ሣጥኑን ሁለት ሰዎች ይከፍቱታል፤ ደብዳቤው በሌላ እጅ ሳይገለበጥና ዋናው ሳይቃጠል ለሹም አይነበብም። ሣጥኑ መሙላት ጀመረ፤ ዱቄቱም ንጹሕ ሆነ። ጀልባው በአዲሱ ገመድ ይሳባል።

ማሳንጃ ከፓርቲው ተሰርዞ፣ መርከቡ ተወርሶ፣ አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ፍርዱ ሲነበብለት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጸሐፊውን ስም። አልተነገረውም።