ክላክስ የሌለው ፒክአፕ

አባቴ «ከቀኝ ኪስህ አውጥተህ ግራ ኪስህ ብትከት አልከበርክም» ይል ነበር። እኔ ግን የሚካኤል ዕለት ጠዋት የፒክአፔ የፍሬን መብራት እምቢ ሲለኝ፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ነቅዬ የክላክሱን ተከልኩበት። ቀለማቸውም ቁጥራቸውም አንድ ነው። ፍሬን ስረግጥ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ቀላ። ተመስገን ብዬ፣ ለዝክር የተሠራውን ድስት ሙሉ ምስር ወጥ አጠገቤ አስቀምጬ ከስደት ሰፈሬ ከኢምባካሲ ወጣሁ።

መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ፣ ከፊቴ የነበረው፣ እዚህ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ጥሎት ያለፈውን ተሳፋሪ ሊጭን ወደ ኋላ መምጣት ጀመረ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ተጠግቶኛል፤ መሸሻ የለኝም። ክላክሱን ብጫነው ዝም፣ ብደበድበውም ዝም። ወጡ ሊደፋ ነው! በአንድ እጄ ድስቱን አቅፌ፣ ሌላውን በመስኮት አውጥቼ «ቅዱስ ሚካኤል፣ ድረስልኝ!» እያልኩ ጩኸቴን አቀለጥኩት። ከማታቱ ኋላ ወንበር የተቀመጡት ዞረው አዩኝ። የመንገድ ላይ ሰባኪ መሰልኳቸው መሰለኝ፣ አንዷ እጇን አንስታ «አሜን!» አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። አማርኛዬን አንድም አልሰሙ፣ ግን አሜን በአሜን ሆኑ። ሾፌሩ በጩኸታቸው ደንግጦ ቀጥ አለ። በመሃላችን ቡጢ አያስገባም።

ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ወደኔ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋና፣ «ፓስተር፣ እባክዎ ለሾፌራችንም ይጸልዩለት፤ መስተዋቱን ከሰረቁት ወዲህ ኋላውን አያይም» አለኝ።