«ድምፁን ለውጠው»

እስቲ ፍረዱኝ። ዱመርሶ አካባቢ አንድ ቡና ማጠቢያ ውስጥ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚጮህ መሣሪያ አለ። ሲጮህ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሮጠው የማድረቂያ አልጋዎቹን ሸራ ያለብሳሉ። የመሣሪያው ቦርድ ተቃጠለ፤ ያው ዓይነት ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ የሚያንቀሳቅሰውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ ሌላ ዓይነት ቦርድ ማዛወር የኔ ዕዳ ሆነ። ሰዓቱን ሳስተካክል ሴንሰሩ ዝም ይላል፤ ሴንሰሩን ሳስተካክል ድምፁ ይጠፋል። ዲላ ቤቴን ዘግቼ ስታገል ከርሜ በመጨረሻ ሲስተሙ በአዲሱ ቦርድ ላይ ሠራ። ወስጄ ገጠምኩት። ሲጮህ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ሮጡ፤ ቦርዱ መለወጡን ማንም አላወቀም። ለኔ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ሥራ አስኪያጁ ግን «ታዲያ ምኑ ነው አዲሱ?» አሉኝ።

«አዲስነቱ አለመታወቁ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ነገ እንግዶች ይመጣሉ። እንደ ድሮው ከጮኸ ምን ሠራን ልንል ነው? ቢያንስ ድምፁን ለውጠው።»

ሴቶቹ የለመዱት ይሄን ድምፅ ነው ብል ማን ሰምቶኝ። ለወጥኩት። ለሴቶቹ ይነገራቸው ብዬ ነበር፤ የነገራቸው የለም።

በማግስቱ እንግዶቹ ቆመው ሳለ ከቡሌ በኩል ደመናው ወረደ፤ መሣሪያውም አዲሱን ዜማውን አንቆረቆረ። ከሴቶቹ አንዷ ቀና ብላ «የማን ስልክ ነው?» አለችና ወደ ለቀማዋ ተመለሰች። እኔ ሸራ እየጎተትኩ ስጮህ ዝናቡ ቀደመኝ፤ የደረቀው ቡና ራሰ።

ሥራ አስኪያጁ ጃንጥላ ሥር ሆነው ለእንግዶቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይሄ አዲሱ ነው። የድሮው እንዲህ አድርጎን አያውቅም።»